ሐይቅ ያለችው ዓሣ ቤት፣ 4 ኮከብ (የድሮውን 1 ኮከብ የሰጠኋት እኔው ነኝ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ስለ ዓሣው ብቻ ማንበብ የምትፈልጉ ወደታች ውረዱ፣ ሰዓቱም ዳጣውም ሽንት ቤቱም እዛ አለ፣ ከላይ ያለው የኔ ጉድ ነው። ማፕ ላይ አጭሩን በስሜና በፎቶዬ ለጥፌዋለሁ፣ ይሄ ረጅሙ ነው። እዚህ የቤቷን ስም አልጠራም ምክንያቱም ባለቤቷ እትዬ "ሰው ለዓሣ ይምጣ እንጂ ለወሬ አይምጣብኝ" ብለውኛል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ የመሥሪያ ቤት እንግዶች ነበሩን፣ አለቃዬ አንተ የደሴ ልጅ ነህ ጥሩ ቦታ ውሰዳቸው አለኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ የሐይቅ ዓሣ ላብላችሁ ብዬ ይዣቸው ወረድኩ። በወልዲያ መንገድ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለምታውቁት አዲስ አይደለም። ገብተን አዘዝን። አንዲት ልጅ፣ 15 ወይ 16 ዓመት ቢሆናት ነው፣ "ዓሣው ገና ከሐይቁ እየመጣ ነው ትንሽ ትጠብቃላችሁ?" አለችን፣ እንጠብቃለን አልን። 20 ደቂቃ ሆነ፣ 30 ሆነ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን ማየት ጀመረ፣ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። 50 ደቂቃ ሲሞላ ዓሣው መጣ፣ ሎሚ የለም። ሎሚ የሌለው ዓሣ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅቷ ላይ እንግዶቹ ፊት ጮህኩባት። እሷ ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬቱን እያየች "ይቅርታ ጋሼ" ትላለች፣ እኔ ይቅርታዋን ስሰማ ይብስብኛል፣ እንግዶቹ ሲስቁልኝ ደግሞ ጨመርኩበት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩ። "ዓሣው የትናንት ነው፣ ይሸታል፣ ቤቱ ቆሻሻ፣ ሠራተኞቹ ባለጌ፣ እንዳትሄዱ።" አንድ ኮከብ። አሁን አስቡት፣ ያን ሁሉ ደቂቃ የጠበቅነው እኮ ዓሣው ገና ከውኃ እየወጣ ስለነበረ ነው! ትኩስ ስለሆነ የዘገየውን ዓሣ የትናንት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኩት ሁሉ እውነት የነበረው ሎሚው ነው፣ እሱን ደግሞ መጻፉን ረሳሁት። ውሸት መሆኑን እየጻፍኩ አውቀዋለሁ፣ ጣቴ ግን አልቆመም። ሰው ላይክ ሲያደርገው ደስ አለኝ።

ከዛ ረሳሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ።

ኅዳር ላይ እናቴ ሐይቅ እስጢፋኖስን መሳለም እፈልጋለሁ አለች። ሴት ወደ ገዳሙ እንደማትገባ እሷም ታውቃለች፣ ከደጅ ሆኜ እሳለማለሁ አንተ ገብተህ ጸበል ይዘህልኝ ትወጣለህ ነው ያለችው። ሐሙስ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድን። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ እናቴ ደግሞ የደም ግፊት ኪኒን እየዋጠች እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳን አትቀምስም፣ ብትለምኗት ብትለምኗት አትሰማም፣ የወሎ እናት ናት በቃ። አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነጠላዋን አንጥፌ አስቀመጥኳትና "ግማሽ ሰዓት" ብያት ገባሁ።

ገዳሙን ለማያውቅ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩበት፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ነው፣ ሐይቁ ሦስት በኩል ከቦታል፣ ዝምታው ራሱ ይይዛችኋል። እኔን ግን የያዘኝ ዝምታው አልነበረም፣ ፎቶ ነው። ሐይቁን አነሳሁ፣ ወፎቹን አነሳሁ፣ ራሴን ከሐይቁ ጋር አነሳሁ፣ አልወጣ ሲለኝ ደግሜ አነሳሁ። ስወጣ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ዛፉ አለ፣ ጥላው ግን ወደ ማዶ ዞሯል፣ ሣሩ ላይ የተቀመጠችበት ምልክቱ አለ፣ እናቴ የለችም።

አንድ የቆሎ ተማሪ ነው የነገረኝ፣ "አዙሯት ነበር፣ አንዲት ሴትዮ በባጃጅ ወደ ከተማ ወሰዷት" አለኝ። እንዴት እንደሮጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከተማ ገብቼ ነጭ ነጠላ የለበሱ ትልቅ ሴት በባጃጅ ሲመጡ ያየ እያልኩ በየበሩ ስጠይቅ ሁለቴ የተሳሳተ ቦታ ላኩኝ፣ በመጨረሻ አንዱ "እዛች ዓሣ ቤት ናቸው" ብሎ በጣቱ አሳየኝ። በሩን አወቅኩት። እግሬ ትንሽ ያዝ አደረገኝ ግን እናቴ ውስጥ ናት፣ ገባሁ።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ትራስ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሮቿ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ናቸው፣ ሻርፕ ያደረጉ ሴት ፊቷ ቁጢጥ ብለው በጆግ ቀዝቃዛ ውኃ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያፈሳሉ። ከዓሣ አጥማጆቹ ገዝተው ሲመለሱ መንገድ ላይ አይተዋት ነው ያነሷት፣ ባጃጁ ውስጥ ዓሣው በጆንያ ከእግራቸው ሥር፣ እናቴ ከጎናቸው። ውኃ ጠጪ ቢሏት እምቢ አለች፣ መድኃኒት የሚውጥ ሰው አይገደድም እኮ ቢሏት እምቢ አለች፣ "እሺ እቴ፣ ጾምሽን አላስፈታሽም እግርሽን ግን ላብርደው" አሏት። እትዬ ሙስሊም ናቸው። እኔ ስገባ ልጅቷን እየጠየቋት ነበር፣ "ዘጠኝ ሰዓት ስንት ቀረው?" ልጅቷም ስልኳን አይታ "12 ደቂቃ።"

ስሟን ባጠፋሁት ዓሣ ቤት የኔን እናት ጾም ሰዓት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ልጇ ፎቶ ሳነሳ ነበርኩ።

ዘጠኝ ሲሞላ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዛ ሽሮ መጣ። ሽሮው ደግሞ ከእትዬ ቤት አልነበረም። ልጅቷን ጎረቤት ወዳሉ ክርስቲያን ሴት ልከው ከነድስቱ ከነእንጀራው ነው ያስመጡት፣ ለምን እንደሆነ እናቴ ስትጠይቅ "የኛ ድስት ሥጋ ነክቶታል፣ ልብሽ እየተጠራጠረ እንዳትበዪ ብዬ ነው" አሉ። እናቴ አለቀሰች። በሰባ ሰባት ልጅ ሆና ያየችውን ማውራት ጀመረች፣ ማን ለማን እንደቆረሰ፣ እሱን ሌላ ቀን።

እኔ ገንዘብ አወጣሁ። "ወላሂ አልቀበልም፣ እንግዳ ናት" አሉ፣ ለባጃጁ እንኳን እምቢ አሉ። እናቴን ደግፌ መኪና ውስጥ አስገብቼ ሻንጣዋን ልወስድ ስመለስ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ ስልኳን ዘረጋችልኝ፣ ስክሪንሹት ነው። የኔ ስም፣ የኔ ፎቶ፣ ዓሣው የትናንት ነው ይሸታል። "ይሄ አንተ ነህ አይደል?" አለችኝ። ያኔ "ጋሼ" ነበርኩ፣ አሁን "አንተ"። ይገባኛል።

"ያኔ እኮ እንግዶች ይዤ..." ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። እሷ ቀጠለች፣ እኔ ከጻፍኩ በኋላ ተሳላሚ ያመጣላቸው የነበረ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሌላ ቤት መውሰድ ጀምሯል። "እናትሽ ያውቃሉ?" አልኳት። "ልክ ስትገባ በጆሮዋ ነግሬያት ነበር።" "ምን አሉ?" "ዝም በይ፣ እናቱ እግሯ ውኃ ውስጥ ነው አለችኝ።"

መኪና ውስጥ እናቴ ምን አሳየችህ ልጅቷ ስትለኝ "ስልክ ቁጥር ነው" አልኳት። ያን ቀን እንኳን ዋሸሁ! ማታ ሪቪውዬን አጠፋሁት፣ አለቀ ደቀቀ ብዬ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ብዙ ሰው ንስሐ የሚለው ይሄን ይመስለኛል፣ እኔ ነበርኩ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ሊደርስ ሲል ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሌላ ሌላውን ተናዝዤ ይሄን በመሃል እንደ ቀልድ ጣል አደረግኩት፣ አባ አንድ ውሸት ጽፌ ነበር አጥፍቼዋለሁ አልኳቸው። "ማን ፊት ነው የጻፍከው?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ፊት አልኩ። "ማን ፊት አጠፋኸው?" ብቻዬን። ዝም አሉ። አባ ዝም ሲሉ አይወደድም። ቆይተው ዘኬዎስ ዛፍ ላይ የወጣው ምን እንዳለ ታስታውሳለህ አሉኝ፣ ግማሹን ለድሆች እሰጣለሁ አልኩ፣ "ጨርሰው።" አልጨረስኩትም፣ እሳቸው ጨረሱልኝ፦ "ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ።" በሐሰት ከስሼ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ ሉቃስ 19ን፣ የቀረጥ ሰብሳቢ ጉዳይ ነው ብዬ ነበር የማልፈው፣ ለካ ለሪቪው ጸሐፊም ነው።

ስግደቱን ሰጡኝ፣ እሱ በኔና በሳቸው መካከል ይቅር። ሌላው ቀኖና ግን ሄጄ ፊታቸው ይቅርታ እንድጠይቅና በጻፍኩበት ቦታ በስሜ እንድጽፍ ነው። "በአደባባይ የሰደብከውን በጓዳ አትታረቅም" አሉኝ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል ከዛ ወደ ዓሣው እንሄዳለን። እትዬ ያን ቀን ቢሰድቡኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ። ወላሂ ነበረኝ (ይኸው የወሎ ልጅ ስንሆን ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል)። 50 ደቂቃ አስጠብቃችሁናል፣ ሎሚ የላችሁም፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ሁሉም ተሰልፎ ምላሴ ላይ ነበር። እግዚአብሔርንም እንደዚህ ነው የያዝኩት እስከዛሬ፣ ሲመጣብኝ እከራከረዋለሁ፣ ሥራ ሲበላሽ ጾም እጨምራለሁ፣ ሲቀና እቀንሳለሁ፣ ንግድ ነው። ለሳፋው ግን መልስ አጣሁ። ለእናቴ እግር ምን ብዬ እከራከራለሁ? ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 2 ላይ "የእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ንስሐ እንዲመራህ ሳታውቅ" ይላል፣ ቁጣው አይደለም ያለው፣ ቸርነቱ። እኛ ጋ ስለ ነነዌ በደንብ ይሰበካል፣ 3 ቀን፣ ማቅ፣ አመድ፣ ልትገለበጥ ነው፣ እሱም እውነት ነው። ጴጥሮስን ግን ጌታ አላስፈራራውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ላልያዘ ሰው መረቡ እስኪቀደድ ዓሣ ነው የሰጠው፣ ሰውየውም ዓሣውን አይቶ "ጌታ ሆይ፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ" አለ። ዓሣ አይቶ! እኔም ይሄው ዓሣ ቤት ውስጥ ነው የሆነብኝ፣ አባ ይሄን ስነግራቸው ሳቁ።

እንግዲህ ከጥምቀት በኋላ ሄድኩ፣ ብቻዬን። እትዬ ዓሣ እየላጡ ነበር፣ ቅርፊቱ ክንዳቸው ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። "እትዬ፣ አፉ በሉኝ" አልኩ፣ ከዛ በላይ አልወጣልኝም፣ በጉልበቴ ልወርድ ስል በዓሣ እጃቸው ክንዴን ይዘው "ተው ተው፣ ለሱ ነው የሚሰገደው፣ አፉ ብያለሁ ያኔ ነው አፉ ያልኩት፣ እናትህ እንዴት ናት?" አሉኝ። በቃ አለቀ ብዬ ቀና ስል ከምድጃው ጎን ድምፅ መጣ፣ "የኔስ?"

ልጅቷ ናት። ረስቻታለሁ። የጮህኩት እሷ ላይ ነው፣ ባለጌ ያልኩት እሷን ነው፣ ስክሪንሹቱን ስድስት ወር ይዛ የቆየችው እሷ ናት፣ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁት ትልቅ ሰው ፊት ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ፊት ዝቅ ማለት ያምርብናል፣ አሳዳጊህ ይባረክ ያስብላል። እትዬን ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ የ16 ዓመት ልጅ ፊት ቆሜ "አጥፍቻለሁ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም ነበር" ለማለት ጉሮሮዬ ተዘጋ። አልኩት ግን። እሷ እንደ እናቷ አይደለችም፣ "እናያለን" አለችኝ። ከዛ "ስትመጣ ሎሚ ይዘህ ና።"

አራት እጥፍ የሚለውን አባ ለምሳሌ ነው ያሉት፣ እኔ ግን ቃል በቃል ወሰድኩትና አራት ጊዜ በልቼ ነው የምጽፈው። ጓደኛዬ ንስሐ ነው ሆዳምነት ይለኛል። አንዱ ጥር ላይ፣ ሌላው ነነዌ ሊገባ ሲል፣ አንዱ ከፋሲካ በኋላ፣ የመጨረሻው ባለፈው እሁድ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አታስገቡኝ፣ እኔ አልበላም፣ የሚበላውም አልጠየቀኝም።

እሺ ዓሣው። ቆሮሶ ነው፣ ሙሉውን ጥብስ እዘዙ፣ ሌላውን ተዉት። ሁለት ጎኑን በቢላ ሸንትረው ጨው ብቻ ነክተውት ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ቆዳው ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ላይ በጣት ሲነኩት ይነሳል። ጅራቱን እንዳትተዉ፣ እንደ ቆሎ ነው የሚበላው። ጉላሹ ቲማቲም ይበዛበታል፣ ለኔ ዓሣውን ገደለው። ዳጣው አይቀለድበትም፣ መጀመሪያ በእንጀራ ጫፍ ቅመሱ፣ ባለፈው እሁድ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ በማንኪያ ዛቅ አድርጎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ከምግብ በኋላ ቡና አለ፣ አቦል ጠጥታችሁ ልትነሱ ስትሉ እትዬ ይቆጣሉ።

ደስ የሚለው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን የሙስሊም እያልን ሁለት ቤት እንሄዳለን፣ ዓሣ ግን ባርኮ ማረድ የለበትም፣ አንድ ትሪ ላይ ሁላችንም እንቀርባለን። ባለፈው ከነበርንበት ጠረጴዛ ግማሹ በስመ አብ ግማሹ ቢስሚላህ ብሎ ነው የጀመረው።

ችግሮቹ። ይዘገያል፣ አራቱንም ጊዜ ከ35 ደቂቃ በታች አልመጣልኝም፣ ከቸኮላችሁ አትሂዱ ወይ ደውላችሁ እዘዙ። ከ5 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ትልልቁ ዓሣ ያልቃል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋሉ፣ ረመዳን ላይ ቀን ዝግ ነው፣ ማታ ነው የሚከፈተው። ዝንብ አለ፣ ዓሣ ቤት ነው ምን ይደረግ፣ ግን ማራገቢያ ቢያስገቡ ጥሩ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ ውኃው በጀሪካን ነው፣ ንጹሕ ነው ግን፣ ቆሻሻ ብዬ የጻፍኩት ሰውዬ ያኔ አልገባሁበትም ነበር እንኳን። ቴሌብር ይቀበላሉ ኔትወርክ ካለ። ዋጋ አልጽፍም ነገ ይቀየራል፣ ደሴ ከምትከፍሉት ያንሳል በቃ።

አምስት ኮከብ ልሰጥ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ጣቴ አምስተኛው ላይ ነበረች። ከዛ አሰብኩት፣ ያኔ በንዴት ዋሸሁ አሁን ደግሞ በፍቅር ልዋሽ ነው። እትዬን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው፣ "ይዘገያል ብለህ ጻፍ፣ እውነት ነው፣ ዘይቱ ትንሽ ነው ምጣዱም አንድ ነው" አሉ። ስለዚህ 4። ልጅቷ ከመለጠፌ በፊት አነበበችው፣ 40 ደቂቃ ብዬ ጽፌ ነበር "35 ነው" ብላ አስተካከለችኝ፣ ስለ ሳፋው ያለውን አውጣው አለች፣ አላወጣሁትም፣ ተኮሳትራ ሄደች።

ሹፌሩም ጋ ደውያለሁ። ቁጥሩን ከልጅቷ ነው ያገኘሁት፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት አልኩት፣ መጀመሪያ አላመነኝም፣ ዘመዳቸው ነህ ወይ አለኝ። ባለፈው እሁድ ሚኒባሱ ቆሞ ነበር በሩ ላይ፣ ለምሳ ይሁን ለሌላ አልጠየቅኩም።

ሎሚ ዛሬም የላቸውም። እኔ አንድ ኪሎ ይዤ ሄጄ ነበር፣ በአንድ ቀን አልቋል፣ ይዛችሁ ሂዱ።